ሳይቃጠል በቅጠል፤ የባሕር አረምና የእርባታ ዓሣ ጤና

ባለፈው የጾም ወራት በመመገቢያ አዳራሻችን ዓሣ ቀርቦልን ሳለ ከጓደኞቻችን አንዱ «ለመሆኑ ዓሣም ይታመማልን?» ሲል ጠየቀ። ሌላው ፈጠን ብሎ «ከተወለደ ጀምሮ ገላውን ሲታጠብ የሚኖር ፍጡር ምን በሽታ ይደፍረዋል!» ስላለ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርን ሁሉ ሳቅን። ሣቁ ሲበርድ ግን ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። እኔም የባዮሎጂ ተማሪ ተብዬ ዝም ማለቴ አሳፈረኝና ነገሩን መጻሕፍት ቤት ገብቼ ብፈልግ፥ ከጠየቅነው የሚበልጥ ጉዳይ አገኘሁ። ዓሣ ይታመማል፤ ሲታመምም ጣጣው የዓሣው ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሽታውን ለመከላከል ከሚሞከሩት ነገሮች አንዱ ደግሞ በመኖው ላይ የሚጨመር የባሕር አረም ነው። ታዲያ ይህ ነገር አንዳንድ ሻጮች እንደሚሉት ፍቱን መድኃኒት ነውን? ወይስ ከንቱ ወሬ ነው? ያገኘሁትን በተቻለኝ መጠን አሳጥሬ ለጓደኞቼ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ዓሣ ስለ ምን ይታመማል?

በሐይቅና በባሕር የሚኖር ዓሣ እንደ ልቡ ተበትኖ ይኖራል። አንዱን ጀርም ቢይዘው፥ ያ ጀርም ወደ ሌላው ለመድረስ ሰፊ ውሃ ማቋረጥ አለበት። የታመመውም ዓሣ ቶሎ ስለሚደክም ወፍ ወይም ትልቅ ዓሣ ይበላዋል። በእርባታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአንድ ኩሬ ወይም በባሕር ላይ በተዘረጋ በአንድ የመረብ ቤት ውስጥ ብዙ ሺህ ዓሣዎች ተጨናንቀው ያድጋሉ። ውሃው ለዓሣው አየሩ ነው፤ መንገዱ ነው፤ መጸዳጃውም ነው። ስለዚህ አንዱ ያስወጣውን ሌላው ይተነፍሰዋል።

ከዚህም በላይ ዓሣው ተይዞ ሲመዘን፥ ከቦታ ወደ ቦታ ሲጓጓዝ፥ ውሃው በድንገት ሲሞቅ ወይም በውሃው ያለው ኦክሲጅን ሲያንስ ይጨነቃል። በጭንቀት ጊዜ በደሙ ውስጥ የሚበዛው ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ደግሞ በሽታ የመከላከል ኃይሉን ያዳክመዋል። እኛንም በፈተና ሰሞን ጉንፋን ሲበረታብን እናውቃለን።

ጉዳዩን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ ገለጸው፥ በ2022 ከእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላ የውሃ እንስሳ 94 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፥ ከባሕርና ከሐይቅ ተጠምዶ ከተገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ በልጦ ታይቷል። እንግዲህ የዓለም የዓሣ ምግብ ከግማሽ የሚበልጠው በእነዚህ በተጨናነቁ ኩሬዎችና የመረብ ቤቶች ጤና ላይ የቆመ ነው።

2. ከኖርዌይ የሚገኝ ትምህርት

በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት የሚሆነን የኖርዌይ አገር ታሪክ ነው። ኖርዌዮች ሳልሞን የተባለውን ዓሣ በባሕር ላይ በመረብ ቤት ማርባት የጀመሩት በ1970 ገደማ ነው። እርባታው በሰፋ ቁጥር በሽታውም አብሮ ሰፋ። በተለይም በ1980ዎቹ ዓመታት ቪብሪዮሲስና ፉሩንኩሎሲስ የሚባሉ ከባክቴርያ የሚመጡ በሽታዎች ገብተው ዓሣውን ፈጁት። አርቢዎቹም በእጃቸው የነበረውን መሣሪያ አነሡ፤ ይኸውም ከመኖ ጋር የተደባለቀ አንቲባዮቲክ ነው። በ1987 በዚያች አገር ለዓሣ የተሰጠው አንቲባዮቲክ 48 ቶን ያህል ደረሰ። በዚያ ዓመት የተመረተው ዓሣ ደግሞ 50 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። ሒሳቡን ለሚያሰላ ሰው፥ ለአንድ ኪሎ ዓሣ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ መድኃኒት ወጣ ማለት ነው።

ይህ ነገር የሚያስፈራው ስለ ምንድን ነው? ክፉኛ የታመመ ዓሣ መኖ አይበላም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን በብዛት የሚውጠው ገና ያልታመመው ነው። ከተዋጠውም ውስጥ ብዙው ከሰውነት ጋር ሳይዋሐድ ከኩሱ ጋር ወደ ውሃው ይወጣል። በውሃውና በጭቃው ያሉ ባክቴርያዎችም መድኃኒቱን እየለመዱ ይሄዳሉ፤ የለመዱበትንም ጂን ለሌላ ባክቴርያ፥ ለዘመዱም ለባዳውም፥ ማስተላለፍ ይችላሉ። ለዓሣ ከሚሰጡት አንቲባዮቲኮች ብዙዎቹ ለሰው ከሚሰጡት ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በዓሣ ኩሬ የባከነ መድኃኒት ነገ በሆስፒታል አልጋ ላይ ለተኛ ሕፃን አልሠራም ሊል ይችላል። ጣጣው የዓሣው ብቻ ሆኖ አይቀርም ያልሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ኖርዌዮች ከዚህ መቀመቅ የወጡት በክትባት ነው። እያንዳንዱ ሳልሞን ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት ሆዱ ላይ በመርፌ እንዲከተብ አደረጉ። የእርባታ ቦታዎቹንም አራራቁ፤ አንዱ ቦታ ዓሣው ከወጣለት በኋላ ሳይያዝ እንዲያርፍ አደረጉ። ዛሬ የአገሪቱ የሳልሞን ምርት በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖ ሳለ፥ ከ2015 ወዲህ ለእርባታ ዓሣ የዋለው አንቲባዮቲክ በየዓመቱ ከ1 ቶን በታች ነው።

ልብ በሉ፤ ይህን ድል ያመጣው የባሕር አረም አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ኋላ እንዳንሳሳት ነው። ታዲያ ክትባት ካለ የባሕር አረም ለምን ይፈለጋል? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፥ አንድ ክትባት የሚያገለግለው ለታወቁ ለተወሰኑ በሽታዎች ብቻ ነው፤ ክትባት ያልተገኘላቸው በሽታዎች ግን ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፥ ዓሣን አንድ በአንድ እየያዙ መውጋት ለውዱ ለሳልሞን ያዋጣ ይሆናል እንጂ በርካሽ ለሚሸጥ ዓሣ አያዋጣም። ሦስተኛ፥ ገና ከእንቁላል የወጣ የዓሣ ጫጩት ለመርፌ እጅግ ትንሽ ነው፤ መከላከያውም ክትባትን ለመቀበል ገና አልበሰለም። እንግዲህ የባሕር አረም የሚፈለገው ክትባት በማይደርስበት ቦታ ነው።

3. ዓሣ ራሱን የሚከላከለው እንዴት ነው?

ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ኃይል ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሲፈጠር ይዞት የሚመጣው፥ ባዕድ የሆነውን ሁሉ ብዙ ሳይመርጥ የሚዋጋ ኃይል ነው። ሁለተኛው አንድን ጀርም ለይቶ የሚያውቅ፥ ካወቀውም በኋላ የማይረሳ ኃይል ነው፤ ክትባት የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው ነው። ዓሣ ሁለቱም አሉት። ነገር ግን የዓሣ ሰውነት ሙቀት የውሃውን ሙቀት ስለሚከተል፥ ሁለተኛው ኃይል በቀዝቃዛ ውሃ ተዘጋጅቶ እስኪነሣ ድረስ ብዙ ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዓሣ ከእኛ ይልቅ በመጀመሪያው ኃይል ተደግፎ ይኖራል።

የመጀመሪያው ኃይል አጥርም ዘበኛም አለው። አጥሩ ዓሣን በእጃችን ስንይዘው የሚያሙለጨልጨን ዝልግልግ ነገር ነው። በዚህ ውስጥ የባክቴርያን ግድግዳ የሚያፈርስ ሊሶዛይም የተባለ ኢንዛይም ይገኛል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1922 ያስታወቀው፥ በእንባችንም ውስጥ የሚገኘው፥ ይኸው ነው። ዘበኞቹ ደግሞ ጀርም ሲያገኙ ከብበው የሚውጡ ሴሎች ናቸው። የእነዚህን ሥራ ያስተዋለው የሩሲያው ሊቅ ሜችኒኮቭ ነው፤ በ1882 በአንድ የባሕር ኮከብ ጫጩት ገላ ውስጥ እሾህ ሰክቶ በማግስቱ ቢያይ፥ ሴሎች እሾሁን ከብበውት አገኘ።

የእኛ የደም ሴሎች የሚሠሩት በአጥንት መቅኔ ነው። ዓሣ ግን ይህን ሥራ የሚያከናውን መቅኔ የለውም፤ የደምና የመከላከያ ሴሎቹ በዋናነት የሚሠሩት በኩላሊቱ የፊት ክፍል ነው። ስለዚህ የዓሣን መከላከያ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ይህንን የኩላሊት ክፍል ነው።

4. ከባሕር አረም የሚገኘው ምንድን ነው?

ባሕር አይተን የማናውቅ ብዙዎች ነንና አረሙን በጥቂቱ ልግለጸው። የባሕር አረም ሥርና አበባ የሌለው፥ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚያድግ ትልቅ አልጌ ነው። በቀለሙ በሦስት ይከፈላል፤ ቡናማ፥ ቀይና አረንጓዴ ነው። በኖርዌይና በስኮትላንድ ጠረፍ የሚበቅለው ላሚናሪያ የተባለው ቡናማ ዓይነት ቁመቱ ብዙ ሜትር ይደርሳል።

ከቡናማው አረም ሦስት ዋና ዋና ውሁዶች ይወጣሉ። የመጀመሪያው በ1880ዎቹ መጀመሪያ ስታንፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት ያወጣው አልጂን ነው። ሁለተኛው ላሚናሪን ነው። ሦስተኛው በ1913 የስዊድኑ ሊቅ ኪሊን ያገኘው፥ በውስጡ ሰልፌት ያለበት ፉኮይዳን ነው። ሦስቱም ረዣዥም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው።

ከሦስቱ ላሚናሪንን ብንመለከት የነገሩ ምሥጢር ይገባናል። ላሚናሪን የተሠራው ከግሉኮስ ነው። በእንጀራችን ውስጥ ያለው ስታርችም የተሠራው ከግሉኮስ ነው። የእንጨት ሴሉሎስም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ያለው በማያያዣው ላይ ነው። ስታርች አልፋ በሚባለው አያያዝ አንደኛውን ካርቦን ከአራተኛው ያገናኛል፤ ሴሉሎስ ቤታ በሚባለው አያያዝ አንደኛውን ከአራተኛው ያገናኛል፤ ላሚናሪን ደግሞ በቤታ አያያዝ አንደኛውን ከሦስተኛው ያገናኛል። ጡቡ አንድ ሆኖ አሠራሩ ሲለያይ የሚገኙት ቤቶች ሦስት ናቸው።

ይህ የቤታ አንድ–ሦስት አያያዝ በእንስሳት ሰውነት ውስጥ አይሠራም። በሻጋታና በእርሾ ግድግዳ ውስጥ ግን ሞልቷል። ስለዚህ የዓሣው ዘበኛ ሴል ይህን ዓይነት ሰንሰለት ሲያገኝ «ሻጋታ ገብቷል» ብሎ ይነሣል። በ1989 ቻርልስ ጄንዌይ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንዳስረዳው፥ የመጀመሪያው ኃይል የሚሠራው እያንዳንዱን ጀርም በስሙ በማወቅ ሳይሆን፥ የጀርም ወገኖች የሚጋሩትን የጋራ ምልክት በማወቅ ነው። የባሕር አረሙ ሻጋታ አይደለም፤ በሽታም አያመጣም፤ ምልክቱን ብቻ ይዟል። ዘበኛው ምልክቱን አይቶ ሲነቃ የመዋጥ ኃይሉ ይጨምራል፤ ጀርም የሚገድልበትን የኦክሲጅን ውሁድ በብዛት ያመርታል፤ ሌሎችንም ሴሎች ይጠራል። እውነተኛው ጠላት በዚያ ሰሞን ቢመጣ ዘበኛውን ነቅቶ ያገኘዋል። ባጭሩ፥ የባሕር አረም ዘበኛን ያነቃል እንጂ ራሱ ዘበኛ አይሆንም።

5. ሙከራዎቹ ምን አሳዩ?

በ1990 የታተመ፥ በሰሜን ኖርዌይ የተደረገ አንድ ጥናት ከእርሾ ግድግዳ የወጣ ቤታ ግሉካን የተወጋ ሳልሞን ሦስት ዓይነት ባክቴርያዎችን የመቋቋም ኃይሉ እንደ ጨመረ አሳየ። በ1995 ደግሞ ላሚናሪን በሳልሞን ዘበኛ ሴሎች ላይ ተሞክሮ ሴሎቹን እንዳነቃቸው ተገለጸ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን በ2004 የታተመው፥ ሃሊበት በተባለው የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ጫጩቶች ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። እነዚህ ጫጩቶች ለመርፌ የማይመቹ፥ ደረቅ መኖም የማይበሉ ናቸው። ተመራማሪዎቹ አርቴሚያ የሚባለውን ደቃቅ የውሃ እንስሳ ከቡናማ አልጌ የወጣ አልጂን አበሉት፤ ጫጩቶቹም አርቴሚያውን በሉት። ኋላም የቪብሪዮሲስን ባክቴርያ በውሃው ቢጨምሩባቸው፥ አልጂን ያገኙት ጫጩቶች ካላገኙት የተሻለ ተቋቋሙት። ክትባት በማይደርስበት ቦታ የባሕር አረም ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

6. ነገር ሁሉ በልክ ነው

«ትንሹ ከጠቀመ ብዙው ይበልጥ ይጠቅማል» የሚል ሰው በዚህ ጉዳይ ይሳሳታል። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ዑልቫ የተባለውን አረንጓዴ የባሕር አረም ለቲላፒያ በመቶ 5፥ 10 እና 15 እያደረገ በመኖው ጨመረ። 5 በመቶ ያገኘው ዓሣ እድገት አልተጎዳም፤ 15 በመቶ ያገኘው ግን እድገቱ ከሁሉ አነሰ። ዓሣው እነዚያን ረዣዥም የስኳር ሰንሰለቶች አብዛኛውን መፍጨት ስለማይችል፥ አረሙ ሲበዛ የእውነተኛውን ምግብ ቦታ ይይዝበታል።

የጊዜውም ርዝመት ልክ አለው። በ1993 ጃፓኖች ከባክቴርያ ግድግዳ የወጣ ተመሳሳይ ቀስቃሽ ለትራውት ዓሣ ሲሰጡ፥ 28 ቀን የተሰጠው በሽታን ተቋቋመ፤ 56 ቀን የተሰጠው ግን ጥቅም አላገኘም። ሙከራው የተደረገው በባሕር አረም ባይሆንም ነገሩ ያስተምራል። ሌሊቱን ሙሉ «ሌባ! ሌባ!» የሚባልበት ዘበኛ በመጨረሻ ጩኸቱን ለምዶ ይተኛል። በተጨማሪም መከላከያን ነቅቶ ማቆየት ጉልበት ይፈጃል፤ ያ ጉልበት የሚወሰደው ለእድገት ከሚውለው ነው። ስለዚህ ቀስቃሹን ዓመቱን ሙሉ ከመስጠት ይልቅ፥ አደጋ ከሚጠበቅበት ጊዜ ቀደም ብሎ፥ ለምሳሌ ከጉዞ ወይም ከሙቀት ወራት በፊት፥ ለጥቂት ሳምንታት መስጠት ይሻላል።

አረሙ ራሱም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ላሚናሪያ በበጋ ፀሐይ ያከማቸውን ላሚናሪን በክረምት ጨለማ ይበላዋል፤ ስለዚህ በመጸው የታጨደው ብዙ ላሚናሪን ሲኖረው በክረምት መጨረሻ የታጨደው እጅግ ጥቂት ነው። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ሆኖ የውስጡ ኃይል ይለያያል ማለት ነው። በአረሙ ውስጥ አርሰኒክም ሊኖር ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። አዮዲንም በብዛት አለበት፤ አዮዲን መጀመሪያ የተገኘው በ1811 ከባሕር አረም አመድ ነው። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት እንደሚያመጣ በደጋው አገራችን የምናውቀው ነው፤ ሲበዛም እንደሚጎዳ ሐኪሞች ይነግሩናል።

ደግሞም በቆሸሸና ኦክሲጅን ባነሰው ውሃ ለታፈነ ዓሣ የሚጨመር ቀስቃሽ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። መጀመሪያ ውሃው ይጥራ፤ ብዛቱም ይቀነስ።

7. ማስታወቂያን እንዴት እንመርምር?

እኛ ተማሮች ነገ አርቢዎችን የምንመክር፥ መኖ የምንገዛ ወይም የምንፈቅድ ሰዎች እንሆናለን። «የዓሣን መከላከያ ኃይል ያሳድጋል» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመን ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ።

(ሀ) የተለካው ምንድን ነው? ሊሶዛይም መጨመሩ ብቻ ዓሣው ከሞት መትረፉን አያረጋግጥም። ቁም ነገሩ ከበሽታው ጋር ሲገናኝ ስንት ተረፈ የሚለው ነው። ለምሳሌ ቀስቃሹን ካላገኙት 100 ዓሣዎች 60 ሞቱ፥ ካገኙት 100 ደግሞ 30 ሞቱ እንበል። 30ን ለ60 አካፍለን ከ1 ብንቀንሰው ግማሽ ይመጣል፤ ስለዚህ የተገኘው ጥበቃ 50 በመቶ ነው ይባላል።

(ለ) ማነጻጸሪያው ምንድን ነው? አረም ያልተጨመረበት፥ በሌላው ነገር ሁሉ እኩል የሆነ መኖ የበላ ወገን መኖር አለበት። ገንዳዎቹም ብዙ መሆን አለባቸው። በአንድ ገንዳ 200 ዓሣ፥ በሌላው ገንዳ 200 ዓሣ ቢኖር ሙከራው 400 ጊዜ ተደረገ ማለት አይደለም፤ በአንድ ገንዳ ያሉት ሁሉ አንድ ውሃ ስለሚጋሩ የተነጻጸሩት ሁለት ገንዳዎች ብቻ ናቸው።

(ሐ) ለየትኛው ዓሣ፥ ስንት፥ ለምን ያህል ጊዜ? በቀዝቃዛ ባሕር ለሃሊበት የሠራ ነገር በሞቃት ኩሬ ለቲላፒያ ይሠራል ተብሎ ያለ ሙከራ አይወሰድም።

8. ባሕር ለሌለው አገር ምን ይጠቅማል?

«እኛ ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የለን፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን ዛሬ ከቻይና እስከ ግብፅ በብዛት የሚረባው የአባይ ቲላፒያ በጣና፥ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ የምናውቀው የራሳችን ቆሮሶ ነው። በሌላ አገር ኩሬዎች ይህንን ዓሣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴርያ በሙቀት ወራት ይፈጀዋል፤ በ2014 ደግሞ በእስራኤል የሚገኙ ሊቃውንት ቲላፒያን የሚገድል አዲስ ቫይረስ አስታውቀዋል። የእኛም ኩሬዎች በበዙና በተጨናነቁ ቁጥር ኖርዌይ በ1987 ከቆመችበት መንታ መንገድ እንደርሳለን። ያን ጊዜ ወደ አንቲባዮቲክ ከረጢት እንዳንሮጥ አስቀድሞ ማሰብ ብልህነት ነው።

ለዚህም የባሕር አረም ከውጭ መግዛት ግዴታ አይደለም። የላሚናሪን ዘመድ የሆነው ቤታ ግሉካን በቢራ እርሾ ግድግዳ ውስጥ ይገኛል፤ የቢራ ፋብሪካዎች ደግሞ አሉን። እርሾውን እንዲሁ መስጠትና ግሉካኑን አጣርቶ መስጠት እኩል እንዳልሆነ ግን ማወቅ ይገባል። በቢሾፍቱ አጠገብ ባለው በአረንጓዴ ሐይቅና በስምጥ ሸለቆው በጭቱ ሐይቅ ስፒሩሊና የተባለው ደቃቅ ፍጥረት ይበቅላል፤ በአረንጓዴ ሐይቅ ላይ የተደረገውን ጥናት በ1973 ካሳተሙት መካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሰዎች ይገኙበታል። ስፒሩሊና ግን የባሕር አረም አይደለም፤ ላሚናሪንም የለውም። ስለዚህ ለአረሙ የተመሰከረለትን ለእርሱ ሳንሞክር ልናውሰው አይገባም። ጥቂት ገንዳዎች፥ ጥቂት መቶ የቆሮሶ ጫጩቶችና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ቢገኝ፥ ይህ የመመረቂያ ጥናት ሊሆን የሚችል ጥያቄ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ቅጠል ያጠፋዋል፤ ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ግን ቅጠል ይዞ መሮጥ ሞኝነት ነው። የባሕር አረምም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ውሃ፥ ልከኛ ብዛትና ክትባት ባሉበት ላይ በጊዜውና በልኩ ሲጨመር ይረዳል፤ እነርሱን ይተካል ብሎ የሚሸጠውን ግን አንመነው። ያ ጓደኛችን በምሳ ሰዓት ለጠየቀው ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው፤ ሙከራውን እሠራለሁ የሚል ካለም እኔ ገንዳ በማጠብ እረዳዋለሁ።